ጋሼ ፒስማን ማን ነው?

ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባንዱንግ የምትባል ከተማ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት አከራዬ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። «ካንግ ፒስማን» ይላል። ካንግ በአካባቢው ቋንቋ፣ በሱንዳኛ፣ ጋሼ እንደማለት ነው። እኔ የሰፈሩ ሹም መስሎኝ «የት ነው የሚገኙት? ሄጄ ልተዋወቃቸው» አልኩ። ሴትዮዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ ጋሼ ፒስማን ሰው አይደለም። ቀንስ፣ ለይ፣ ተጠቀምበት የሚሉትን ሦስት ቃላት ቆራርጠው የገጣጠሙት ስም ነው። ከተማው በ2018 የጀመረው የቆሻሻ ዘመቻ ነው። (ቀኖቹም ዓመቶቹም የፈረንጅ ናቸው። የኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።)

አከራዬን ኢቡ እላቸዋለሁ። እማማ ማለት ነው፤ እዚህም ትልቅ ሴት በስሟ አትጠራም። ኢቡ ሦስት ባልዲ ሰጡኝ። አንዱ ለምግብ ትርፍራፊ፣ አንዱ ለሃይላንድና ለካርቶን፣ አንዱ ለማይረባው ሁሉ። መቼም የሰው አገር ነው፣ «አበሻው ቆሻሻ ነው» እንዳልባል ነገሩን የሞት ሽረት አደረግኩት። ሃይላንድ በሳሙና አጠብኩ። የቡና አተላ ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ካርቶን ላይ የተጣበቀ ላስቲክ በጥፍሬ ላጥኩ። እናቴ ብታየኝ ቀጥታ ጠበል ነበር የምትወስደኝ።

እንዲህ ሆኜ አራት ወር ከረምኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ቡናዬን ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። ቆሻሻ ሰብሳቢው ጋሪውን እየገፋ መጣ። ሦስቱንም ፌስታሎች አነሳ። ቀደዳቸው። ሦስቱንም አንድ ላይ ጋሪው ውስጥ ደፋቸው። ከዚያ ላዩ ላይ ወጣና በቦቲው ረገጠው፣ ጠቅጠቅ እንዲል። አናቴ ላይ የረገጠኝ ነው የመሰለኝ። አራት ወር ሙሉ ያጠብኩት፣ ያደረቅኩት፣ የላጥኩት ሁሉ ከጎረቤት የዓሣ አንጀት ጋር ተለወሰ።

እኛ ቤት እኮ ማንም ለይ ብሎኝ አያውቅም። ሁሉም ማዳበሪያ ውስጥ ይገባል፣ የማህበሩ ሴቶች ሲመጡ ተጎትቶ ይወጣል፣ አለቀ። ሃይላንዱን ብቻ እናቴ ለብቻ ታስቀምጣለች፤ ወይ ዘይት ትቀዳበታለች፣ ወይ ለቁራሌው ትሰጠዋለች። ዘመቻ የለም፣ ጋሼ ፒስማን የለም፣ ግን የሚያሞኘኝም አልነበረም።

ኢቡ ጋ ሄጄ አመለከትኩ። «አይ፣ እሱማ ሁሌም እንዲህ ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። ታዲያ ለምን እንለያለን? «ጥሩ ነገር ስለሆነ።» ከዚህ በኋላ ምን ይባላል?

ደግሞ የሚለየው ነገር ብዛት! እዚህ አገር ፌስታሉን ክረሴክ ይሉታል፣ ከድምፁ የወጣ ስም ነው፣ ሲነካ ክርስክስ ስለሚል። በረዶ ያለበት ሻይ ክረሴክ ውስጥ ቀድተው፣ ስትሮ ሰክተው፣ አፉን በላስቲክ አስረው ይሰጡሃል። ሾርባ በላስቲክ። ዳጣው ለብቻው በትንሽ ላስቲክ። አንድ ምሳ ገዝቼ አምስት ላስቲክ ቆጥሬ አውቃለሁ። እኛም ብንሆን ከዚህ አንሻልም፣ በ2017 ዓ.ም. ፓርላማችን ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ሲያጸድቅ አንድ ጓደኛዬ ዜናውን ልኮልኝ ከሥሩ «ሽንኩርቱን በእጄ ልይዝ ነው» ብሎ ጽፎልኛል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባንዱንግ በገባሁበት ዓመት፣ ነሐሴ 19 ቀን 2023 መሆኑ ነው፣ የባንዱንግ ቆሻሻ የሚደፋበት ሳሪሙክቲ የሚባለው ቦታ በእሳት ተያያዘ። ደረቅ ወቅት ነበር። እሳቱ ከላይ ሲጠፋ ከውስጥ ይጨሳል፣ ለሳምንታት አልበርድ አለ። መኪኖቹ መድፊያ አጡ። ከተማው ውስጥ ፌስታል በፌስታል ላይ ይቆለል ጀመር። ባንዱንግ የአበባ ከተማ ነው የምትባለው። ከሽታው የተነሳ አፍንጫዬን ይዤ በእስያ አፍሪካ ጎዳና ሳልፍ ያ የ1955ቱ ጉባኤ የተካሄደበት ሕንጻ ጋ ደረስኩ። 29 አገሮች ተገኝተውበታል፣ ኢትዮጵያም ነበረች። ሌላ ጊዜ እዚያ ሳልፍ ትንሽ ደረቴ ይነፋል። ያን ቀን ግን መተንፈስ ራሱ ጭንቅ ነው፣ ደረት የሚነፋበት አየርም አልነበረ።

ሰዉ ምን አደረገ? ማቃጠል። የባሰው መጣ። ባንዱንግ ዙሪያዋን ተራራ የከበባት ጎድጓዳ ከተማ ናት፣ ጭሱ የሚሄድበት የለውም። ማታ ማታ ያ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ በመስኮት ይገባል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ወዲያው የት እንደምሄድ ታውቃላችሁ። ቆሼ።

ከጦር ኃይሎች ወደ ጀሞ በታክሲ የሄደ ያውቀዋል። የአዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ በመስኮት ጉዳይ ሰላም ኖሮ አያውቅም። አንዱ ታፈንኩ ይላል፣ አንዷ ብርድ መታኝ ትላለች፣ ረዳቱ በመሐል ይሰደባል። ቆሼ ሲደረስ ግን አገር አንድ ይሆናል። «ዝጋው! ዝጋው!» ሁሉም ይዘጋል። ሁለት ደቂቃ ትንፋሽ ይዘን እናልፋለን። ከመስታወቱ ማዶ መንጠቆና ማዳበሪያ የያዙ ሰዎች ከአሞራ ጋር እየተጋፉ ይታያሉ። ከዚያ መስኮቱ ይከፈታል፣ ጭቅጭቁም ይቀጥላል። እኔም ስዘጋ ነው የኖርኩት።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ፣ ያ የቆሻሻ ተራራ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሰንዳፋ አዲስ መድፊያ ተከፍቶ፣ ገበሬው አይሆንም ሲል፣ መኪኖቹ ዞረው እዚያው ቆሼ ተመልሰው ነበር።

ይኼን ለኢቡ ስነግራቸው ዝም አሉ። ሌላ ጊዜ ስለ ሁሉም ነገር ሳቅ የሚቀድማቸው ሴት ናቸው። «ለዊጋጃን አታውቅም?» አሉኝ። አላውቅም። ባንዱንግ አጠገብ ቺማሂ የምትባል ከተማ ውስጥ ነው። የካቲት 21 ቀን 2005 ሌሊት፣ ለሦስት ቀን ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ 60 ሜትር ገደማ የተቆለለ ቆሻሻ ውስጡ በታመቀው ጋዝ ፈንድቶ ተናደ። ቺሊሙስና ፖጆክ የሚባሉ ሁለት መንደሮችን ዋጠ። ከ140 በላይ ሰው። ያኔም ቆሻሻ መድፊያ ጠፍቶ ከተማው በክምር ተሞልቶ ነበር፣ ሰዉም «የቆሻሻ ባሕር» ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር አሉኝ።

ሄጄ አየሁት። ከሥሩ ቺሬንዴው የምትባል መንደር አለች። ሰዎቿ ሩዝ አይበሉም፣ ካሳቫ ፈጭተው ነው የሚበሉት፣ በቅኝ ግዛት ዘመን የያዙት ባሕል ነው። (ቀመስኩት። በርበሬና ክትፎ ቢኖረኝ ቆጮ ነው ብዬ እምል ነበር።) ማንም የማይገባበት፣ «ክልክል» ብለው የሚጠሩት ጫካ አላቸው፤ የኛ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ያለውን ደን አስቡት። እና ከእንደዚህ ዓይነት መንደር ራስጌ ነው የሁለት ከተማ ቆሻሻ ሲደፋ የኖረው። አሁን ቦታው ቁጥቋጦ ለብሷል፣ ካልነገሩህ ተራ ኮረብታ ነው የሚመስለው።

እዚህ ላይ ለኢንዶኔዥያውያን ባርኔጣዬን አነሳሁ። የካቲት 21ን በየዓመቱ በአገር ደረጃ ስለ ቆሻሻ የሚያስቡበት ቀን አድርገውታል። እኛ መጋቢት 2ን ምን አደረግነው? የቀኑን ስም ስንቱ ያስታውሳል? በ2008 ደግሞ ሕግ አወጡ። እንዲያው ሜዳ ላይ የሚደፋባቸው ቦታዎች በሙሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ይዘጉ የሚል። ባርኔጣዬን መልሼ ያደረግኩት እዚህ ጋ ነው። አምስት ዓመቱ በ2013 አለቀ። ያ የተቃጠለብን ሳሪሙክቲ ከለዊጋጃ አደጋ በኋላ «ለጊዜው» ተብሎ የተከፈተ ነው። ለጊዜው! ይቺን ቃል እኔ ከአገሬ አውቃታለሁ። ለጊዜው ተብሎ የተቆፈረ መንገድ ስዘል ነው ያደግኩት።

ንዴቴ ግን ከዚያ ጋሪ ላይ አልወረደም። አንድ ቀን ሰውዬውን ጠብቄ ያዝኩት። በተሰባበረ ኢንዶኔዥኛዬ ጮኽኩበት። ለምንድነው የምትደባልቀው? እኔ እኮ ሳሙና ገዝቼ ነው የማጥበው! እስክጨርስ ጠበቀኝና «ለይቼ የት ላድርሰው ሚስተር?» አለኝ። «ማጠራቀሚያው ጋ ገንዳው አንድ። መኪናው አንድ።» ከዚያ ጋሪውን ዞሮ ከኋላ የተንጠለጠሉ ሦስት ከረጢቶች አሳየኝ። ሃይላንድ፣ ካርቶን፣ ቆርቆሮ። ማጠራቀሚያው ጋ ሲደርስ ከደፋው ውስጥ ራሱ እየለቀመ ይለያል ለካ። ከደመወዙ ይልቅ እሱን ሸጦ የሚያገኘው ነው የሚሻለው አለኝ።

«የታጠበው ያንተ ነው እንዴ?» አለኝ ደግሞ። «ንጹሑ ጥሩ ዋጋ ያወጣል።»

እኔ ምን ልበል፤ አፈርኩ። ቁራሌውን ጋሪ ሲገፋ አይቼ ሳላውቀው ቀርቼ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሃይላንዱን በእጁ ነው የምሰጠው። እሱም ለመደኝና፣ ክዳኑን ለብቻ ፈትተህ፣ ወረቀቱን ልጠህ ብትሰጠኝ ኪሎው ይጨምራል አለኝ። ይኸው አሁን ማታ ማታ ቁጭ ብዬ ክዳን እፈታለሁ፣ ወረቀት እልጣለሁ። ኢቡ በመስኮት እያዩ «ካንግ ፒስማን!» እያሉ ይጠሩኛል። የቡና አተላዬ ግን እስካሁን ፈላጊ አላገኘም።