ኦርጅናል እንወዳለን

ለሙዚቃ ያለንን ፍቅር የሚጠራጠር ሰው ካለ አመሻሽ ላይ ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ብቅ ይበል። አውቶብሱ መጨረሻው ላይ ካራገፈን በኋላ ግማሻችን ወደ ብሎካችን፣ ግማሻችን ወደ ግሮሰሪ እናመራለን። ግሮሰሪው ደጃፍ ላይ የሚጦፈው ክርክር ስለ ውሃ ፈረቃ ወይም ስለ ሊፍት እንዳይመስላችሁ። (ሊፍት የለንም፤ በሌለ ነገር አንጨቃጨቅም።) ክርክሩ ዘፈን በምን ሲሰማ ይጥማል የሚለው ነው፤ በካሴት፣ በሲዲ፣ ወይስ ከቴሌግራም በወረደ ፋይል? ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ይህን የመሰለ የሠለጠነ ጭቅጭቅ የሚጨቃጨቅ ሕዝብ ምስጋና ይገባዋል፤ እነሆ ምስጋናው።

አንደኛው ወገን ካሴተኞቹ ናቸው። ቤታቸው ለልማት ፈርሶ ከካዛንቺስና ከፒያሳ ወደዚህ ሲመጡ ከአይሱዙው ላይ ከፍራሽ በፊት የወረደው የካሴት ካርቶን ነው። አንድ ጎረቤቴ ካርቶኑን ለጫኝና አውራጆች አላምንም ብሎ ራሱ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ድረስ አውጥቶታል፤ ፍሪጁን እያንከባለሉ ሲያወጡት ግን ዞር ብሎም አላየ። ዛሬ ካሴቶቹ ቡፌው መስታወት ውስጥ ከሠርግ ብርጭቆዎች ጎን ተሰልፈዋል፤ ቴፑ ደግሞ ቡፌው አናት ላይ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አይሠራም። ውስጡ ያለችው ላስቲክ ከተበጠሰች ቆይታለች፤ ትጠገን ያለም የለም። “ካሴት እኮ ተሰምቶ ብቻ አይደለም፣ ታይቶም ያጠግባል” ይለኛል፤ ከዚያ ዳንቴሉን ቀና አድርጎ ስልኩን ያወጣና ያንኑ ዘፋኝ ከቴሌግራም ይከፍትልኛል። ላም አለኝ በሰማይ ብሎ የተረተው ሰው ይህን ቡፌ አይቶት ቢሆን ሰማይ ድረስ ባልደከመ።

ካሴተኞቹ አጥብቀው የሚመኩት በድምፁ ነው። “ወዝ አለው” ይላሉ። አለው እንጂ! ፊሊፕስ ካሴትን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጣው በዋናነት ያሰበው ንግግርና ማስታወሻ እንዲቀዳበት ነበር። የክሩ ስፋት 4 ሚሊሜትር አይሞላም፤ በሰከንድ የሚጓዘውም 5 ሴንቲሜትር እንኳ አይደርስም። ከእንዲህ ያለች ቀጭን ክር ወዝ ማውጣት ጥበብ ይጠይቃል፤ ጥበቡ ደግሞ ከእኛ ጋር ነበር። ድንጋይ እንዳይጨርስብን ካሴቱን በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥነው ነበር። ያለቀውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር። ቴፑ ክሩን ሲበላው በጥፍር ቀለም እንቀጥለው ነበር። ድንጋዩ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፣ እየተጎተተ ይሄድና የሠርግ ዘፈኑን እንደ ለቅሶ ያንጎራጉረው ነበር። ወዝ የሚሉት ይኸው ነው። ዛሬ በየትኛውም መተግበሪያ አይገኝም።

ዋናው የሚደነቀው ግን ሌላ ነው። የጎረቤቴን ካሴቶች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው የአብዛኞቹ ጀርባ ላይ የሚያነበው የማተሚያ ቤት ፊደል ሳይሆን የጎረቤቴን የእጅ ጽሑፍ ነው። ባዶ ካሴት ከመርካቶ ይገዛል፤ ሰፈር ውስጥ ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ ያለው አንድ ሰው አይጠፋም፤ ኦርጅናሉን የገዛ አንድ የዋህም አይጠፋም። ከዚያ በኋላ ቀበሌው በሙሉ አልበሙ አለው። አንድ ኦርጅናል ለአንድ ቀበሌ! እንዲህ ያለ መተሳሰብ በየትኛው አገር አለ? አሁን “ዲጂታል መጥቶ የዘፋኙን እንጀራ ዘጋ” እያሉ የሚያዝኑልን ካሴተኞች እንጀራውን ስንት ሆነው ይጋግሩለት እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

ከኦርጅናሎቹ አንዷን አውጥቶ አሳየኝ። ጫፏ ላይ ያሉት ሁለት ቀዳዶች በተጣጠፈ ወረቀት ተወትፈዋል። ቀዳዶቹ እዚያ የተቀመጡት ማንም በላዩ እንዳይቀዳ ነው፤ ወረቀት ሲወተፍበት ግን ካሴት እንግዳ አይመልስም። በጀርባው በኩል እናቱ ጅዳ ላለችው እህቱ የቀዱት፣ ሰው ጠፍቶ ሳይሄድ የቀረ የድምፅ ደብዳቤ አለ፤ እየሳቀ በቃሉ ወጣልኝ። ዘፋኙ ሁለት ስንኝ ያህል ይወጣል፤ ከዚያ ቋ ይልና እናትዬው ይገባሉ፦ “እንዴት ናችሁ፣ እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፣ ያቺ ጥቁሯ ላም ወልዳለች፣ ለእትዬ ሰላምታ በይልኝ።” ሰላምታው ሲያልቅ እንደገና ቋ! ዘፋኙ ከአዝማቹ መሃል፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው፣ ይቀጥላል። ጎረቤቴ አሁንም ያን ዘፈን በሬዲዮ በሰማ ቁጥር መሃሉ ላይ ላሟን ይጠብቃል።

ከካሴተኞቹ ከፍ ያሉ የሸክላ ወዳጆችም አሉን። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ከመቶ ዓመት በፊት ጀርመን አገር ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። አምሐ እሸቴ ደግሞ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ ገና በወጣትነቱ ሕጉን ተዳፍሮ በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ፤ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላም ሊባኖስ እያሳተመ አገር ውስጥ ያስገባ ነበር። ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ አልቀረም። ሰሚት አካባቢ ባለ አንድ ካፌ ሸክላው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰዓት ሆኗል። መሃሉ ላይ ያለችው ቀዳዳ ለዘንጉ ልክክ ብላለች። ደንበኞች ከሥሩ ፎቶ ይነሳሉ፣ “ኦልድ ኢዝ ጎልድ” ብለው ይለጥፋሉ፣ ማኪያቷቸውን ጠጥተው ይሄዳሉ። ከሸክላው የሚወጣው ድምፅ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ወዝ አለው።

ሁለተኛው ወገን ዲጂታሎቹ ናቸው። መናኸሪያቸው ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለች፣ “ሞባይል እንጠግናለን፣ ካርድ አለ፣ ሙዚቃና ፊልም እንጭናለን” የሚል ወረቀት የለጠፈች ሱቅ ናት። ባጃጅ ነጂው ፍላሹን ያቀብላል። “ምን ይጫንልህ?” ይላል ልጁ። “ያለውን” ይላል ነጂው። ከ“ያለውን” የሰፋ የሙዚቃ ጣዕም እስካሁን አልሰማሁም። በሰከንድ በ128 ኪሎቢት የታመቀ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ በ8 ጊጋባይት ፍላሽ 1,600 ያህል ዘፈን ይገባል፤ ሳይተኙ ቢሰሙት አምስት ቀን ያልፋል። ነጂው ከጠዋት እስከ ማታ የሚያጫውተው አራቱን ነው። የቀሩት አብረውት የሚዞሩት ለክብር ነው።

ዲጂታሎቹ ስለ ጥራት ሲነሳባቸው አይወዱም፤ እኔም አላነሳም። ካነሳሁ ግን፣ ኤምፒ ስሪ የሚባለው ነገር ፋይሉን የሚያሳንሰው ጆሮ አይሰማውም ያለውን ድምፅ ቆርጦ እየጣለ ነው፤ አንዴ የተጣለው ደግሞ አይመለስም። ይህን አዟሪዎቻችን ያሻሻሉት ይመስለኛል። ከቴሌግራም ያወረዱትን ኤምፒ ስሪ ባዶ ሲዲ ላይ ይገለብጡትና ሽፋኑን በከለር ፎቶ ኮፒ አንስተው ታክሲ ተራ ላይ “ኦርጅናል ነው ጋሼ!” ይላሉ። የሚገዛቸውስ ማን ነው? በዲጂታል ድምፅ ወዝ ማጣት ሌሊቱን ሲያዝን ያደረው ካሴተኛ። ሁለቱ ጎራዎች ከነጭቅጭቃቸው ተቃቅፈው የሚታረቁት እዚህ ጋ ነው። ሽፋኑ ግርጌ ላይ “ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማባዛት በሕግ ያስጠይቃል” የሚለው ማስጠንቀቂያ ሳይቀር አብሮ ፎቶ ኮፒ ተነስቷል፤ ለዝርዝር ጉዳይ የሚጨነቅ ሰው ሥራ መሆኑ ያስታውቃል።

የቴሌግራም ቻናሎቹስ? አዲስ አልበም በወጣ በሰዓታት ውስጥ ከአንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ዘፈን በቅደም ተከተል ይሰቅላሉ፣ የሽፋኑ ሥዕል ላይ የራሳቸውን ስም በቀይ ይለጥፋሉ። የግጥም ደራሲው፣ የዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው የት ገቡ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የቻናሉ ስም ካለ ይበቃል። በአንደኛው ላይ ያነበብኩት ማሳሰቢያ ግን በፍሬም ተደርጎ ቢሰቀል ደስ ይለኛል፦ “ከቻናላችን ያለ ፈቃድ ወስዶ ሌላ ቦታ መለጠፍ ሌብነት ነው።” ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ የሚለውን ያዘጋጁ አባቶች አጥሩን ነቅሎ የራሱን ግቢ የሚያጥርበት ትውልድ እንደሚመጣ አልገመቱም።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። መንገዱም አልጠፋም። የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ ዘፈን በስልክ በሕጋዊ መንገድ የሚገዛበትን አውታር የተባለ መተግበሪያ አቅርበውልን ነበር። እኛም አደነቅን። ኤልያስ ሲያርፍ ደግሞ ከልባችን አለቀስን፤ ዓይናችንን ጠርገን ስናበቃም “ሥራዎቹን ሰብስቦ የያዘ ቻናል ሊንኩን ላኩልኝ” ተባባልን።

ገንዘብ አንከፍልም የሚሉን ግን ስም አጥፊዎች ናቸው። የጥሪ ማሳመሪያ በየወሩ ከካርዳችን እየተቆረጠ እንከፍላለን! ዘፈኑን የሚሰማው እኛ ሳንሆን የሚደውልልን ሰው ነው፤ እሱም ሳንመልስለት በቆየን ቁጥር ይሰማል። ለራሳችን ጆሮ አንድ ብር የማናወጣ ሰዎች ለአበዳሪያችን ጆሮ ያለ ቅሬታ መክፈላችን እንግዳ አክባሪነታችን እስከ ስልክ መድረሱን ያሳያል።

ፈረንጅ ደግሞ አስቂኝ ፍጡር ነው፤ ይገዛል። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የድሮ ሸክሎቻችንን እየሰበሰበ “ኢትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ ሲዲ ሲያወጣ እነሱ ገንዘብ ከፍለው ወሰዱት። በ2009 የቴዲ አፍሮ አልበም በቢልቦርድ የዓለም አልበሞች ሰንጠረዥ አንደኛ ሲወጣ ግሮሰሪው ጨፈረ፤ ቢራ ተጋበዝን። ሰንጠረዡ አሜሪካ ውስጥ የተሸጠ የሚቆጥር መሆኑን አንድ ተማሪ ሊያስረዳ ሞክሮ “አንተ ደስታ አትችልም” ተብሎ ተቀመጠ። ያን ዕለት ማታ ሲዘፈን ያመሸው ከፍላሽ ነበር።

በቅርቡ ግን አንድ አሳዛኝ ነገር ገጠመን። የእኛ ብሎክ ነዋሪ የሆኑ ጡረታ የወጡ መምህር ወደ መሃል ከተማ ወርደው፣ ሙዚቃ ቤት ገብተው፣ አዲስ የወጣ አልበም በገንዘባቸው ገዝተው ተመለሱ። ሲዲው ፕላስቲኩ ሳይቀደድ በእጃቸው ሲታይ ደረጃው ላይ የነበርን ሁሉ ቆምን። “ምነው ጋሼ፣ አመመዎት እንዴ?” አለ አንዱ። ጥበቃው “ገንዘብ የተረፈው” ብሎ ወደ ጎን አጉተመተመ። የኮሚቴያችን ሊቀመንበር ግን የሠለጠኑ ሰው ናቸው፤ ነገሩን በበጎ ተረጎሙት። በዚያው ምሽት ከየፎቁ ፍላሽ እየያዝን ወደ መምህሩ በር ወረድን፤ ላፕቶፕ ያለው ልጅም ተጠራ። ካሴተኛው ጎረቤቴ ከፊት ነበር። መምህሩ ቡና አስፈልተው፣ ፈንዲሻ አቅርበው፣ ሲዲውን ከነሳጥኑ ሰጡን።

ተገልብጦ ሲያልቅ ጎረቤቴ ሳጥኑን ተቀብሎ ውስጡ ያለችውን ወረቀት አወጣ። የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹን ስም በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበ፣ ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ፣ ከዚያም በትሕትና እንዲህ አላቸው፦

“ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት ሽፋኑንም ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩልኝ። እኔ እንደሆንኩ ኦርጅናል ነገር ካልሆነ አይሆንልኝም።”