የቅዳሜ ባቡር ይጀመርልን

በቅርቡ አዲስ አበባ ካለው የለቡ ባቡር ጣቢያ ተነስቼ ድሬ ሄጄ ነበር። አዳማን ካለፍን በኋላ ፉርጎው ውስጥ ያለው ሰው ግማሹ እንቅልፍ ወስዶታል ግማሹ ስልኩ ላይ አፍጥጧል፣ መተሃራ አካባቢ ስንደርስ ግን ከፊቴ የተቀመጠች ትንሽ ልጅ "እማዬ ባህር! ባህር!" ብላ ጮኸችና ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞረ። በሰቃ ሐይቅ ነው። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ውሃው ጫፍ ድረስ ወርዷል፣ ከኋላ የፈንታሌ ተራራ አለ፣ ውሃው ደግሞ ከሐዲዱ ብዙም አይርቅም። እናትየው "ወንድሜ፣ ይሄ የት ነው? ልጆች ይዞ መምጣት ይቻላል?" አለችኝ። የት እንደሆነ ነገርኳት፣ ከጣቢያው ወርዶ እዛ ድረስ በምን እንደሚኬድ ግን እኔም አላውቅም ነበር።

ከዛ ቀን ጀምሮ ይሄ ጥያቄ ከሆዴ አልወጣም። ባቡሩ የሚያልፈው እኮ አገር ውስጥ ለሽርሽር ከምንመኛቸው ቦታዎች አጠገብ ነው፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ፣ ከአዳማ ትንሽ ወጣ ሲሉ ሶደሬ አለ፣ አዋሽ ፓርክ አለ፣ ድሬ አለች ከድሬ ደግሞ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር ጀጎል። እኛ ግን ይሄን ሁሉ በመስኮት አይተን እናልፈዋለን።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። የፈረንሳዮቹ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፣ አዲስ አበባ የገባው ደግሞ በ1917 ነው፣ ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ላጋር (ጣቢያው) ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ያ ባቡር ቀርፋፋ ነበር፣ ግን በየትንሹ ጣቢያ ይቆማል፣ በቆመበት ሁሉ ደግሞ ሰው ይሸጣል ይለውጣል። መጀመሪያ አካባቢ ማታ ማታ አይጓዝም ነበርና ተሳፋሪው አዋሽ ያድር ነበር፣ አዋሽ ሰባት ያለው የድሮው የባቡር ቡፌና ማረፊያ የዛን ጊዜ ትዝታ ነው። ድሬዳዋማ ጭራሽ በባቡር የተወለደች ከተማ ናት፣ ሐዲዱን ሐረር ተራራ ላይ ማውጣት ከባድ ስለሆነ ከግርጌው እንዲያልፍ ተደረገና ከተማዋ እዛው ተቆረቆረች፣ መጀመሪያ እንደውም አዲስ ሐረር ነበር የተባለችው። ድሬ ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ስር ሻይ እየጠጣሁ አንድ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ አግኝቼ ነበር፣ "ልጄ፣ ባቡር ሲመጣ እኮ ከተማው ሁሉ ይነቃ ነበር" አሉኝ። አሮጌው ጣቢያና የጥገና ጋራዡ አሁንም ከተማው መሃል ነው።

አዲሱ ሐዲድ ግን በዋናነት ለጭነት ነው የተሰራው፣ ይሄን እረዳለሁ፣ የአገሪቱ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ስለሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ለኮንቴይነር ነው። ጣቢያዎቹም ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሰሩት፣ ለቡ ራሱ ለመድረስ ከመሃል ከተማ ስንት ታክሲ መቀያየር አለ። ስለዚህ ሰው ቢሾፍቱ ለመሄድ ባቡር ትዝ አይለውም፣ ሚኒባስ ይሳፈርና ቃሊቲ መንገድ ላይ ተጨናንቆ ይውላል።

እኔ የምለው ግን አንድ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው ሐዲድ እኮ ባለሁለት መስመር ነው! ነጠላ የሚሆነው ከአዳማ በኋላ ነው። እስከ አዳማ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመልስ የሽርሽር ባቡር ቢኖር የጭነቱን ባቡር ሳያስቆም ማለፍ የሚችልበት መንገድ አለ ማለት ነው። ፉርጎ አለ፣ ኤሌክትሪኩ አለ፣ ጣቢያው ተሰርቶ ቆሟል። የጎደለው ቋሚ ሰዓትና ባቡሩ ሲደርስ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሚኒባስ ወይ ባጃጅ ነው፣ የባቡሩ ትኬት ላይ የመኪናውም ሂሳብ አብሮ ቢቆረጥ ደግሞ ሰው እዛ ደርሶ በዋጋ አይጨቃጨቅም። ቢሾፍቱ ሆራም ባቦጋያም አለ፣ ሪዞርት መግባት የማይችል ቤተሰብ ምሳውን በሳህን ቋጥሮ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ መመለስ ይችላል። ሽርሽር መኪና ላለው ሰው ብቻ መሆኑ ያሳዝነኛል፣ በጣም።

ከአዳማ ወዲያ ያለው ትንሽ ይከብዳል፣ አልዋሽም። በሰቃ ራሱ ለአካባቢው ሰው መዝናኛ ሳይሆን ጭንቀት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል፣ የግጦሽ መሬት በልቷል፣ ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በፈንታሌ ዙሪያ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ስንት ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። እኔ ግን እንግዳ መምጣት ያለበት ለዚህም ጭምር ነው ባይ ነኝ፣ የአካባቢው አርብቶ አደር ከረዩው ግመሉን እየጠበቀ ባቡር ሲያልፍ ከሚያይ ይልቅ ባቡሩ ቆሞለት ወተቱን ቢሸጥ፣ ልጆቹ ፓርኩ ውስጥ ሳላና ፏፏቴ የሚያሳዩ አስጎብኚ ቢሆኑ አንድ ነገር ነው። አዋሽ ፓርክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው፣ ስንቱ የአዲስ አበባ ተማሪ ነው በዓይኑ ያየው? ቢያንስ ትምህርት ቤቶች በሴሚስተር አንዴ አንድ ፉርጎ ተከራይተው ልጆቹን ቢወስዱ።

መሞከሪያ ቀን ከተፈለገ ደግሞ ቀኑ ራሱ አለ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ነው፣ የዛን ቀን መንገዱ ምን እንደሚመስል የሄደ ያውቀዋል፣ ሌሊት ወጥቶ እንኳን በሰዓቱ የማይደርስ አለ። ጥቅምት 5 ደግሞ ዝቋላ አቦ ነው፣ ምዕመኑ ቢሾፍቱ ድረስ በባቡር መጥቶ ከዛ ወደ ተራራው በመኪና ቢሄድ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያርፋሉ። ሁለቱም በዓላት ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ለነዚህ ሁለት ቀናት ብቻ ተጨማሪ ባቡር ይመደብና ስንት ሰው እንደሚሳፈር ይቆጠር፣ ስለ ቅዳሜው ከዛ በኋላ እንነጋገር።