ማስረጃ ከነማይመለስ ኮፒው

የአገሬን ሥራ ፈላጊ በሌላ በሌላው ትነቅፉት እንደሆነ እንጂ በማስረጃ አታሙትም። የ8ኛ ክፍል ካርዱ፣ የዲግሪው ምስክር ወረቀት ከነውጤት መግለጫው፣ ግማሽ ቀን ተሰጥቶ "ሁለት ሳምንት" ተብሎ የተጻፈበት የሥልጠና ሰርተፊኬት፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ ምናልባት ቢጠየቅ ተብሎ የገባ የክትባት ካርድ፣ ሁሉም በቅደም ተከተል ተደርድረው በፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ይኖራሉ። "ኦሪጅናሉን ከማይመለስ ፎቶ ኮፒ ጋር ይዛችሁ ቅረቡ" ሲባል የሚደናገጥ ሰው እስካሁን አላየሁም። እንዲህ ያለ ሕዝብ ተቀምጦ፣ "በማስረጃ እንመራለን" የሚሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተመራማሪ ፍለጋ ማስታወቂያ ማውጣታቸው ለእነሱው ያሳፍራል።

ለማያውቃቸው አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከእነዚህ ድርጅቶች ስመ ጥሩ ጊቭዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የመሠረቱት አሜሪካ ውስጥ በመዋዕለ ንዋይ ኩባንያ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ሁለት ወጣቶች ሲሆኑ፣ መነሻቸውም "ገንዘብ ብንለግስ ብዙ ሰው የሚጠቅመው የትኛው ድርጅት ነው?" ብለው ጠይቀው የሚያጠግብ መልስ ማጣታቸው ነው። ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ ተመራማሪዎች አጎበር ለማደል ስንት ገንዘብ ሲወጣ ስንት ሕፃን ከወባ ሞት እንደሚተርፍ ሲያሰሉ ይውላሉ፤ ዋና ሥራቸው ለተነገራቸው ነገር ሁሉ "በምን አወቃችሁ?" ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይህን የሚጠይቅ ልጅ ባለጌ ይባላል፤ እነሱ ደመወዝ ይከፍሉታል። ይባስ ብሎ ድርጅቱ የገዛ ስህተቶቹን ዘርዝሮ ለሕዝብ ያሳያል፤ እ.ኤ.አ. በ2022ማ ስሌቴ የተዛነፈበትን ላሳየኝ እሸልማለሁ ብሎ ውድድር አውጥቷል። ስህተት ምንጊዜም ያለፈው ኃላፊ ንብረት መሆኑን የሚነግራቸው አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው እንኳ አልቀጠሩም ማለት ነው።

የእህቴ ልጅ ለዚህ ዓይነት ድርጅት ሊያመለክት ተነሣ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ማስታወቂያው የደረሰው በቴሌግራም ሲሆን፣ ከረጅሙ ጽሑፍ ውስጥ ዓይኑ ያረፈው "ማስረጃ መመዘን የሚችል" በሚለው ላይ ነበር። "ጋሼ፣ የኔ ማስረጃ በሚዛን ቢወጣ ሁለት ኪሎ አያንስም" አለኝ፤ እውነቱን ነው። አብረን አምስት ኪሎ ወደሚገኝ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ሄድን። ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠችው ልጅ ምንም ሳትጠይቅ የተዘጋጀ የማመልከቻ ደብዳቤ ከፈተች፤ ታታሪነት፣ ቅንነትና በጫና ውስጥ የመሥራት ችሎታ ተሟልተው ስለተቀመጡበት የቀራት ስም መለወጥ ብቻ ነበር። አራተኛው መስመር ላይ "የባንካችሁን ተቀማጭ ገንዘብ ለማሳደግ ዝግጁ ነኝ" የሚለው ሳይነካ ቀረ። ዝግጁነት ዝግጁነት ነው ብለን አለፍነው።

ችግሩ የመጣው ቅጹ ላይ ነው፤ ሁለቱን ኪሎ የሚያስገቡበት ቦታ አልነበረውም። ድርጅቱ የፈለገው ስለ አንድ ነገር ሐሳቡን የለወጠበትን አጋጣሚ በአጭሩ እንዲጽፍ ነው። ልጁ በአቋሙ የጸና መሆኑን ጠቅሶ ሐሳቡን ለውጦ እንደማያውቅ በኩራት ጻፈ። በዚሁ መካከል እህቴ "እዚያ ሰው የለንም?" ብላ ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ዘመዳችን ተደወለለት፤ እሱም ቢሮው ካለበት ከተማ የአምስት ሰዓት በረራ እንደሚርቅ ገልጾ፣ "ቢሆንም እናያለን" ሲል ተስፋ ሰጠን። ፈተናው የሚታረመው ስም ተሸፍኖ በቁጥር ብቻ መሆኑን የሰማነው በኋላ ነው። ዘመድ ያለውን ሰው ከሌለው ጋር አንድ አድርጎ የሚያይ ድርጅት ምን ዓይነት በጎ አድራጎት እንደሚሠራ እንጃ።

የሁለት ሰዓቱ ፈተና አንድ ጥናት መገምገም ነበር፤ ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር በምዕራብ ኬንያ፣ ቡሲያ፣ ለ75 ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች የሆድ ትላትል መድኃኒት በየተራ እየታደለ ያካሄዱትና በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው። መድኃኒት ያልወሰዱ ጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ተጠቀሙ የሚለው ይህ ጥናት ብዙ አከራክሯል፤ ሌሎች ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሠርተው የተሳሳቱ ስሌቶች አግኝተውበታል፤ ጊቭዌል ራሱ መድኃኒቱ ልጆቹ ካደጉ በኋላ በገቢያቸው ላይ አመጣ የተባለውን ለውጥ እጅግ ቀንሶ ነው በስሌቱ የሚያስገባው። ጥያቄው "ማስረጃው ምን ያህል ጠንካራ ነው? ከመቶ ስንት እርግጠኛ ነህ? በመልስህ የምትጠራጠረው የቱን ነው?" የሚል ነበር። የእህቴ ልጅ ክሬመር በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ከተካፈሉት ሦስት ሰዎች አንዱ መሆኑን ያውቅ ስለነበር፣ ይህን ጠቅሶ ጥናቱ ትክክል ነው አለ። እርግጠኛነት፦ 100። የምጠራጠረው፦ የለም። ቀሪውን አንድ ሰዓት ከሩብ ጽሑፉን ሲያሳምር ቆየ።

እኔ በበኩሌ አልፈረድኩበትም። በወጣትነቴ በአንድ ፕሮጀክት ተቀጥሬ ስሠራ፣ ከተሳታፊዎች ከ90 በመቶ በላይ በሥልጠናው መርካታቸውን የሚገልጸውን ሪፖርት ጽፌ የጨረስኩት በመጀመሪያው ቀን የሻይ ዕረፍት ላይ ነበር፤ መጠይቁ የታደለው በሦስተኛው ቀን ነው። "ድክመትህ ምንድን ነው?" ተብሎ ሲጠየቅ "ሥራዬ ሳያልቅ እንቅልፍ አይወስደኝም" ብሎ በመለሰ ሰው ስትመራ የኖረች አገር፣ "ይህን አላውቅም" ብሎ የሚጽፍ አመልካች ከየት ታምጣ?

መልሱ በሦስት ሳምንቱ መጣ። ትሕትና የሞላበት ደብዳቤ ነበር፤ ስለ ጊዜው ያመሰግናል፣ እስከ ሁለተኛው ዙር መድረሱን ይጠቅሳል፣ ለጊዜው እንደማይቀጥሉት ይገልጻል። ልጁ ሁለቴ አንብቦት ወደ አምስት ኪሎ ተመለሰ፤ እኔም ተከተልኩት። ልጅቷ በቀለም አትማ ላሚኔት አደረገችለትና፣ በፋይሉ ውስጥ ከዲግሪው ቀጥሎ፣ ከክትባት ካርዱ በላይ፣ "ዓለም አቀፍ ልምድ" በሚለው ክፍል አስገባችው።

"ስንት ኮፒ ላውጣ?" ስትል ጠየቀችው።

"ለጊዜው አምስት፤ የማይመለስ።"