የአጎቴ ሰርተፍኬትና የሐረጎው አይሱዙ

ደሴ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ቶናው ሲቀዳ፣ አጎቴ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ከቁም ሳጥኑ አወጣ። የባንክ አክሲዮን ሰርተፍኬት ነው፤ ከዓመታት በፊት የገዛው።

«አንቺ አሜሪካ ነሽ። እስኪ ንገሪኝ፣ አሁን ስንት ያወጣል?»

ምን ልበለው? ባንኩ በዓመት አንዴ አዲስ አበባ ጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል። አጎቴ አይሄድም። ወራት ቆይቶ የሚያብረቀርቅ መጽሔት ይደርሰዋል፤ የቦርድ ሰብሳቢው ፎቶ ከነከረባቱ አለበት። ዋጋውን የጠየቃቸው ሁለት ደላሎች ደግሞ የነገሩት የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው።

አሜሪካ አክሲዮኑ ገበያ ላይ ያለ ኩባንያ በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡን ያወጣል። ለትልልቆቹ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ የተሰጣቸው 40 ቀን ነው። እኔ «አርባውን አወጡ» እላለሁ። ከባድ ነገር ከገጠማቸው፣ ለምሳሌ ዋና ሥራ አስኪያጁ ከለቀቀ፣ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግድ ነው። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል። እኔ ታዲያ አንብቤ አውቃለሁ? የጡረታ ገንዘቤ እዚያ ተቀምጦ አንድ ገጽ አልገለጥኩም። እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ያነቡታል፤ ሪፖርቱ በወጣ በደቂቃ ውስጥ ዋጋው ይነቃነቃል። ወረቀት ስላለ ውሸት የለም ማለትም አይደለም። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኃይል ኩባንያ ኦዲተር የፈረመበት ሒሳብ እያቀረበ ነው፣ 90 ዶላር ደርሶ የነበረው አክሲዮኑ በ2001 (እ.ኤ.አ.) ከ1 ዶላር በታች የወረደው።

በማግስቱ ሰኞ ገበያ፣ አጎቴ የእህል መደብር ቁጭ ብያለሁ። ስልኩ ጮኸ። ሁለት አይሱዙ ማሽላ ከከሚሴ ተነስቶ ኮምቦልቻን አልፏል፣ የሐረጎን ዳገት እየወጣ ነው። አጎቴ ስልኩን ሳይዘጋ ፊቱ ለቆመችው ሴት ቀነስ አደረገላት። ጎረቤቱ ማንም አልደወለለትም፤ የአጎቴን ዋጋ ሰምቶ እሱም ወረደ። መኪናው ገና ጠመዝማዛውን አልጨረሰም፣ ዋጋው ግን ደሴ ገብቷል።

የቺካጎው ፕሮፌሰር ዩጂን ፋማ በ1970 (እ.ኤ.አ.) የጻፈው ይህንኑ ነው፤ ዋጋ ወሬውን ቶሎ ይውጠዋል ነው ነገሩ። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሲሸለም ከተጋሩት አንዱ፣ ሮበርት ሺለር፣ ደግሞ ገበያው አንዳንዴ ያብዳል ባይ ነው። ሁለቱም አንድ መድረክ ላይ!

አገር ቤትም ተጀምሯል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያው አዲስ አበባ ሥራ ጀመረ፤ ቀድሞ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። ሰው ዋጋ ስለሚታይበት ስክሪን ያወራል። እኔ ለአጎቴ ባንክ የምመኘው ከከሚሴ የሚደውለውን ሰው ነው።

ማታ ይህን ሁሉ ስተነትንለት ዝም ብሎ ሰማኝ።

«አብሽሪ» አለና ሰርተፍኬቱን መልሶ በፌስታሉ ጠቀለለው። ከዚያ ስልኩን አነሳ፤ የነገው ማሽላ የት እንደደረሰ ሊጠይቅ።