ውዳሴ ዘትራንዚት

ደብረ ብርሃን ላይ ክብር የነፈግናቸው ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው አውሮፕላን በላዩ ሲያልፍ ሽቅብ አንጋጦ "ይኼ የዱባይ ነው" የሚለው ነው። ሁለተኛው በዚያው አውሮፕላን ሄዶ፣ የሆነ አገር ኤርፖርት ወንበር ላይ ተጣጥፎ አድሮ፣ ተመልሶ ስለዚያ ወንበር እስከ ፋሲካ የሚያወራልን ነው። ለዘፋኝ ሽልማት አለ። ለሯጭ ሜዳሊያ አለ። ለነዚህ ግን ምንም የለም። ደግ አይደለም።

ከአንጋጣጩ ልጀምር። ከሰዓት በኋላ፣ ብርዱ ትንሽ ረገብ ሲል፣ ጀበና ካለበት ደጃፍ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል። መጀመሪያ ድምፁ ይመጣል። ወሬ ይቆማል። ወደ አፍ የሚሄድ ስኒ መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ ጋሼ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ ያደርጉና፣ መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ሽቅብ ያያሉ። ከዚያ ፍርድ ይሰጣሉ።

"የጅዳ ነው።"

"ኧረ ጋሼ፣ የዱባይ ነው" ይላል ከጎን ያለ ወጣት።

"አንተ ልጅ፣ እኔ ክንፉን አላውቀውም?"

ክንፉን! ከታች ሲታይ የሩዝ ፍሬ የሚያክል ነገር ነው እኮ። ግን ጋሼን ማን ይጠይቃል? በነገራችን ላይ ልጁ ያለው ያስኬዳል። ካርታ ላይ ከቦሌ ወደ ዱባይ ቀጥ ያለ መስመር ብትስሉ፣ ማለፊያው በደብረ ብርሃን አካባቢ ነው። እኛ 130 ኪሎ ሜትሩን በሰንዳፋ፣ በአለልቱ፣ በሸኖ፣ በጫጫ አድርገን፣ ጉልበታችን የፊት ወንበር እየገፋ የምንጨርሰውን መንገድ እሱ አቦሉ ሳይወርድ ይጨርሰዋል። ታዲያ ቢያንጋጥጡ ይፈረድባቸዋል?

ደግሞ የሚያሳዝን ነገር መጣ፤ ስልክ። አንዱ ወጣት ፍላይትራዳር 24 የሚባለውን ይከፍታል። አውሮፕላኑ ራሱ የት እንዳለ፣ ምን ያህል ከፍታ ላይ እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ በሬዲዮ እየተናገረ ነው የሚበረው፤ መሬት ላይ ያለ መቀበያ ይሰማዋል፣ ስልኩ ያሳያል። ስልኩ "ዴልሂ" አለ። ጅዳም አይደል፣ ዱባይም አይደል። ሁሉም ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ ቡናቸውን ፉት አሉ።

"ኔትወርኩ ነው የተሳሳተው።"

አለቀ። ሊቅ ማለት ይኼ ነው። ማስረጃ ሲመጣበት ማስረጃውን የሚጠራጠር።

ሽቅብ ማየት ለነገሩ በዚህ ከተማ የቆየ ነው። አፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰማይ ላይ ብርሃን አይተው ነው ከተማዋን የቆረቆሯት ይባላል፤ ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ልዩነቱ ንጉሡ ካዩ በኋላ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቤተ መንግሥት አሠሩ። "የጅዳ ነው" ብለው ወደ ቡናቸው አልተመለሱም። የጋሼ አባቶች ዘመን ደግሞ የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ወደ ዋሻ ነበር የሚሮጠው፤ በጣሊያን ጊዜ ከሰማይ ይወርድ የነበረው ቦምብ ነዋ። አሁንም ቢሆን በላያችን የሚያጉረመርም ሁሉ መንገደኛ የጫነ አይደለም። እሱን ግን በሽሙጥ አልጽፈውም።

ወደ ሁለተኛው ጀግና ልሻገር። ውዳሴው እዚህ ጋ ነው የሚጣፍጠው።

ጀግናችን ጉዞውን የሚጀምረው ከትኬቱ ጋር በመጣላት ነው። ትኬቱ ላይ 02:30 ይላል። ይኼ ቁጥር ስንት ቤተሰብ አጣልቷል! እትዬ "ከጠዋቱ ሁለት ተኩል ነው፣ ቁርሱን አብልተን እንሸኘዋለን" ይላሉ። የተማረው ወንድም "ከሌሊቱ ስምንት ተኩል ነው" ይላል። እሱም ልክ ሆኖ ሳለ ጣጣው አያልቅም፤ እኛ ቀኑን የምንቀይረው ጎሕ ሲቀድ ነው፣ እነሱ እኩለ ሌሊት ላይ። ስለዚህ የማክሰኞ ሌሊት የሰኞ ማታ ነው ወይስ የማክሰኞ ማታ? መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀድሞ መሄድ። ደንቡ ሦስት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ይላል። እኛ አንድ ቀን ቀድመን እንደርሳለን። ዘመድ በሚኒባስ ተጭኖ፣ ነጠላው ተጣጥፎ፣ ለቅሶው ተዘጋጅቶ። ሲያለቅሱለት ላየው ሰውየው አሜሪካ ሦስት ሳምንት ሊጠይቅ የሚሄድ አይመስልም።

ከዚያ ሚዛኑ አለ። 23 ኪሎ። ሻንጣው 29 ነው። መሬት ላይ ይዘረገፋል፤ በርበሬው ይውጣ፣ ሽሮው ይግባ፣ የለም በሶው ይውጣ፣ በርበሬውማ እንዴት ይወጣል። የደብረ ብርሃን አረቄ ደግሞ በሃይላንድ ተሞልቶ፣ ክዳኑ በፌስታል ታስሮ፣ በእጅ ቦርሳ ተደብቋል። ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ ብዙ ኤርፖርቶች ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ በእጅ አያሳልፉም። ጀግናችን ይኼን ያውቃል። ያውቃል ግን ተስፋ ያደርጋል። ትራንዚት በሚያደርግበት አገር ጓንት ያጠለቀ ፈታሽ ፌስታሉን ፈትቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ከዚያ ሃይላንዱን ቀስ አድርጎ በርሜል ውስጥ ጨመረው። ይኼ ክፍል ሲተረክ ድምፅ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ ትራንዚት። ትኬቱ ትንሽ ረከሰ ተብሎ ነው የ14 ሰዓት ጥበቃ የመጣው። ኤርፖርቱ ያበራል፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ወንበሩ ግን በየመሐሉ የብረት ክንድ አለው፤ ማንም እንዳይጋደምበት ታስቦ የተሠራ ነው። የእኛ ሰው ግን አንድ እግሩን በክንዱ ሥር አሾልኮ፣ ሌላውን በላይ አድርጎ፣ ወገቡን ለሁለት ከፍሎ ይጋደማል። ብርዱ ደግሞ! 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ፣ ሐምሌን በደብረ ብርሃን የጨረሰ፣ የጣርማ በርን ጉም የሚያውቅ ሰው በኤሲ ጥርሱ ይንገጫገጫል። አንድ ቡና ሊጠጣ ዋጋውን አየ፤ ወደ ብር መለሰው፤ ሄዶ የቧንቧ ውኃ ጠጣ። ዋይፋዩ በስልክህ መልእክት እልካለሁ ይላል፤ ሲሙ እዚያ አይሠራም። ቻርጀር መሰኪያው አጠገብ የመላው ዓለም ሕዝብ ተሰብስቧል። ስክሪኑ ላይ "ዲሌይድ" መጣ፤ በረራው ዘግይቷል ማለት ነው። ለምን ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ጀግናችን ምን አደረገ? ፎቶ ተነሳ። ሽቶ ከሚሸጥበት መደብር ፊት ለፊት፣ መነጽር አድርጎ፣ በቤት ውስጥ፣ በሌሊት። ያበጠው እግሩ እንዳይታይ ከወገብ በላይ ብቻ። "ትራንዚት ላይ… ክብሩ ይስፋ" ብሎ ለጠፈ። ሥሩ ላይ "ከፍ በልልን"፣ "አንበሳው"፣ "እኛንም ያብቃን" ዘነበ። ለወገብ ሕመም እንዲህ ተብሎ የተመረቀ ሰው አይቼ አላውቅም።

ተመልሶ ሲመጣ ሰው ይሰበሰባል። "አገሩ እንዴት ነው?" ሲባል ስለ ኤርፖርቱ ይጀምራል። "ኤርፖርቱ ውስጥ ባቡር አለ! ከአንዱ በር ወደ ሌላው በባቡር!" እሺ፣ አሜሪካስ? "አሜሪካማ… ብርድ ነው።" ይኼን የሚለው የደብረ ብርሃን ሰው ነው።

"መሐል ላይ ለምን አረፋችሁ?" ሲሉት ደግሞ "ፓይለቱ ሊያርፍ" ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፉን እንደልብ አያነሳም፣ ሞተሩም ጉልበቱ ይቀንሳል። እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ሙሉ ሰውና ዕቃ ይዞ መነሳት ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደዚያ የሚሄዱ በረራዎች መንገድ ላይ አርፈው ነዳጅ የሚቀዱበት ጊዜ አለ። ለነገሩ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። እሱ ሲያልቅ አንዳንዱ ማረፊያ ይቀርና ታሪካችን እንዳያጥር ነው የምፈራው።

መብትም የሚሉት ነገር አለ፤ ጀግናችን ግን አይነካውም። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት በ2004 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ አለ። ከኅብረቱ አገር ተነስቶ ከኅብረቱ ውጭ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ በረራ በአየር መንገዱ ጥፋት አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ መንገደኛው 600 ዩሮ ይጠይቃል። ሲጠብቅም ምግብ ይሰጠዋል። ይኼን ለአንዱ ተጓዥ ስነግረው "ተወኝ በናትህ፣ ከነጮች ጋር ልጨቃጨቅ?" አለኝ። ትልቅ ሰው! ኢራናዊው መህራን ካሪሚ ናሴሪ የጉዞ ወረቀት ሳይኖረው ከ1988 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ኤርፖርት ውስጥ ኖሯል፤ በ2022 እዚያው ኤርፖርት ሞተ። ለእሱ ችግር ነበር። የእኛ ሰው ግን ዕድሉን ቢሰጡት በፈቃዱ የሚሞክረው ይመስለኛል፣ ዋይፋይ ካለ።

እዚያው ወለል ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ወረቀታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው የተደረደሩ እህቶቻችንም አሉ፤ ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሥራ የሚሄዱት። በፎቶው ጠርዝ ላይ አንዳንዴ ይታያሉ። እነሱ ትራንዚት ብለው አይለጥፉም። ጀግናችንም ሲተርክ አይጠቅሳቸውም፤ ባቡሩ ይበልጣል።

አሁን ይኼንኑ ሰው መናኸሪያ ውስጥ እዩት። ይኼ ነው የውዳሴዬ ማዕከል። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሊሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገብቷል። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ "አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!" ይላል። አንድ ሰው ገባ። "አንድ ሰው!" አሁንም ይላል። ሃያ ደቂቃ አለፈ። የ14 ሰዓቱ ጀግና ፈነዳ።

"ሕግ የለም ወይ በዚህ አገር? ሰዓት እኮ ገንዘብ ነው! ውጭ አገር ቢሆን እንዲህ ይደረጋል?"

"ጋሼ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን፣ ይታገሡ" ይላል ረዳቱ።

"አልታገሥም! አውርደኝ!"

ውጭ አገር ቢሆን ወገቡን ለሁለት ከፍሎ እንደሚጋደም ለረዳቱ ማን ይንገረው? እዚህ እኮ የሚጮህበት ሰው አለ። ሾፌሩ በስም ይታወቃል፣ ቢለምኑት ይነሳል፣ ቢሰድቡት ይስቃል። ወርዶ ሻይ መጠጣት ይቻላል፤ ሻዩም ወደ ዶላር አይመነዘርም። ቆሎ በስኒ እየተሰፈረ በመስኮት ይገባል። የተቀቀለ እንቁላል ከነጨውና ከነሚጥሚጣው አለ። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ እንደመጡ፣ የማን ዘመድ እንደሆኑ፣ የበጉ ዋጋ ምን እንደደረሰ እስከ ሸኖ ይነግሩታል። ይኼ ሁሉ ግን ክብር የለውም። ወለሉ አያበራማ።

ስለዚህ ለመናኸሪያችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ሴራሚክ ይነጠፍ፣ ጠዋት ማታ ይወልወል። ወንበሮቹ መሐል ብረት ይበየድ። ረዳቱ "አንድ ሰው" ማለቱን ትቶ፣ በአፍንጫው፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ የአለልቱ መንገደኞች በር ቁጥር 4 ላይ እንዲጠብቁ ያሳስብ። ቆሎ የምትሸጠው እናት ቆሎዋን ትንሽ ካርቶን ውስጥ አድርጋ፣ ዋጋውን አሥር እጥፍ ሰቅላ፣ በላዩ "ዲዩቲ ፍሪ" ትጻፍበት። ሃይላንድ የያዘ ሁሉ በር ላይ ይፈተሽ፤ አረቄ ከተገኘ ለፈታሹ ይሁን። እንዲህ ከተደረገ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ በሁለት ቀን ብንገባም አንድ ሰው አይጮህም። እንደውም ሰልፍ ይዘን ፎቶ እንነሳለን፤ ከወገብ በላይ።