አባ ሳሙኤልን ሌሊት ለኩት

አቃቂን አልፋችሁ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ስትወርዱ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ ሽታው ነው። ቀጥሎ አረንጓዴው። ባለፈው አንድ ወዳጄ ዳር ቆሞ አየውና «ይኸው ለምልሟል፣ ምን ሆነ ትላላችሁ?» አለኝ። ብዙ ሰው እንደሱ ነው የሚያስበው። እኔ ደግሞ ከዚህ ልምላሜ ጋር ጠብ አለኝ።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክመው እዚህ ይገባሉ። ፍሳሹ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ አለበት፤ ውሃውን አረንጓዴ ለሚያደርገው ደቃቅ ተክል መሰል ነገር፣ ለአልጌ፣ ይሄ ዳፕና ዩሪያ እንደተበተነበት ማሳ ነው። ፀሐይ ስትወጣ አልጌው ምግቡን ይሠራል፣ ኦክስጅንም ይለቃል። በዚህ ከፍታ፣ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ 20 ዲግሪ የሞቀ ንጹህ ውሃ በሊትር የሚይዘው 7 ሚሊግራም ኦክስጅን ገደማ ነው (ባሕር ዳርቻ ላይ ቢሆን 9 ይይዝ ነበር)። አልጌ የበዛበት ውሃ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከዚህም ሊያልፍ ይችላል። መለኪያውን በዚያ ሰዓት የነከረ ሰው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይገባል።

ማታስ? ፀሐይዋ ገባች፣ ገቢው ቆመ፣ ወጪው ግን አልቆመም። አልጌው ራሱ ይተነፍሳል፣ ባክቴሪያው የሞተውን አልጌና የከተማውን ፍሳሽ እየበላ ይተነፍሳል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከዚያችው ከቀኑ ተራፊ ይወጣል፣ እንደ ወር መጨረሻ ኪስ። ሊነጋጋ ሲል ባዶ ነው የሚቀረው። እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ያለ ቆሮሶ ዓሣ ጎህ ሲቀድ አፉን ላይ አውጥቶ ሲያዛጋ ታዩታላችሁ። «አምባዛ አለ እኮ» የሚለኝም አይጠፋም። አምባዛማ አየር ከላይ ስቦ ይተነፍሳል፤ እሱን ምስክር አትጥሩብኝ።

እምቦጩ ደግሞ ይብሳል። እሱም አረንጓዴ ነው፣ ግን ቅጠሉ ከውሃው በላይ ስለሆነ ኦክስጅኑን ለአየር ሰጥቶ ከስር ላለው ብርሃን ይከለክላል።

የውሃን የኦክስጅን ገቢና ወጪ መለየት አዲስ ጥበብ አይደለም። ጋርደርና ግራን የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪዎች በ1927 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዘዴ ሁለት ጠርሙስ ነው። ሁለቱንም በዚያው ውሃ ሙሉ፣ አንዱን ብርሃን እንዳያገኝ በጥቁር ነገር ሸፍኑት፣ ሁለቱንም ውሃው ውስጥ አንጠልጥሏቸው። ከሰዓታት በኋላ ከተሸፈነው የጎደለው ኦክስጅን ወጪው ነው። በሁለቱ ጠርሙሶች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ አልጌው በጠቅላላ ያመረተው።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ለክቶ ሪፖርት የሚጽፍ ሁሉ የቀን 8 ሰዓቱን ቁጥር ካወጣ የሌሊት 11 ሰዓቱንም አጠገቡ ያውጣ። ውሃው እዚያው ተገድቦ አይቀርም፣ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ ታች ያለው ሰውም የትኛውን ሰዓት እንደለካችሁ የማወቅ መብት አለው።

ወዳጄን «ሌሊት 11 ሰዓት እንሂድና አብረን እንየው» አልኩት። «በዚህ ብርድ?» አለኝ።