ሁለት ፕሮሰሰር ለአንድ ሲቪ

«ለምን ሥራ ነው?» ብሎ የሚጨቀጭቅ በሌለበት ከተማ መኖር መታደል ነው። ጅማችን በዚህ አትታማም። ኮምፒውተር የሚመረጠው በክብደቱ ነው። ሁለት ሰው ተጋግዞ ከባጃጅ ካወረደው፣ በቃ አሪፍ ዕቃ ነው።

ሰሞኑን ክብር ያገኘው ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ዚኦን ነው፤ ፕሮሰሰር የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፣ ዚኦን ደግሞ ለከባድ ሥራ የተሠራው የኢንቴል ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቶ፣ ውጭ አገር ቢሮ አገልግሎ፣ ጡረታውን እኛ ጋ ሊያሳልፍ የመጣ። መርካቶ አካባቢ ያለ አንድ ጽሕፈት ቤት ገዝቶታል። ሥራው ሲቪና ማመልከቻ መጻፍ ነው። ደግ አደረገ! «ለሚመለከተው ሁሉ» በ16 ኮር (ፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ባሉ 16 ሠራተኞች በሉት) ካልተጻፈ በምን ሊጻፍ ነው? ስምንቱ «ለሚመለከተው»ን ይይዛሉ፣ ስምንቱ «ሁሉ»ን።

ባለቤቱ የፕሮሰሰሩን ሥራ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀር ከፍቶ ስክሪኑን ወደ ደንበኛ አዙሮታል። 32 ትንንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል፣ ለአንዱ ኮር ሁለት ሁለት። አንዷ ትንፈራገጣለች፣ የቀሩት ጋደም ብለዋል። እሱ ራሱ ባርጩማ ላይ ነው የተቀመጠው፤ የወንበሩ ብር ወደ ፕሮሰሰሩ ሄዷል። «ወንድሜ፣ ፈጠን በልልኝ» ሲሉት «እንዴ፣ ሁለት ፕሮሰሰር እኮ ነው!» ይላል፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ።

ፈረንጅ አራዳ ያለው ወዳጄ ደግሞ ይብሳል። የእሱም ባለ ሁለት ፕሮሰሰር ነው፤ ዊንዶውስ 10 ሆም፣ ለቤት የሚሆነውን ዓይነት፣ ጭኖበታል። ሆም ከአንድ ፕሮሰሰር በላይ አይጠቀምም፤ ለሁለት ፕሮሰሰር «ፕሮ» የሚባለው ዊንዶውስ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፕሮሰሰር እንግዳ እስኪመጣ እንደተቆለፈ ሳሎን ተቀምጧል። ወዳጄ ግን ኩራቱ አልቀነሰም። የሚሠራው በአውቶካድ ነው፣ የፕላን ሥዕል። አብዛኛው የአውቶካድ ሥራ የሚሄደው በአንድ ኮር ስለሆነ፣ በዚያው ብር አዲስ ባለ አንድ ፕሮሰሰርና ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ማከማቻ) ቢገዛ ይፈጥንለት ነበር። ግን ፍጥነት ለጎረቤት አይታይም።

ጂን አምዳል የሚባል የኮምፒውተር መሐንዲስ በ1967 (እ.ኤ.አ. ነው) ምቀኝነቱን አሳይቷል። የሥራው ግማሽ የማይከፋፈል ከሆነ፣ ሺህ ፕሮሰሰር ብትደረድርም ፍጥነቱ ከሁለት እጥፍ አያልፍም አለ። ሰውየው ጅማን ስለማያውቅ አንፈርድበትም።

እርግጥ ቪዲዮ ሲያቀናብር የሚያድር፣ ስሪዲ (3D) ሥዕል ሬንደር የሚያደርግ፣ አሥር ቨርቹዋል ማሽን (ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር) ባንዴ የሚያስነሳ ሰው ሁለቱንም ፕሮሰሰር አንጀታቸው እስኪቃጠል ያሠራቸዋል። እንዲህ ያለው ሰው ግን በአሮጌ ላፕቶፕ እየተሰቃየ ነው።

መብራት? እሱን ተዉት። የአንዱ ፕሮሰሰር ልክ 115 ዋት ነው፣ የሁለቱ 230። መብራት ሲጠፋ ትንሿ ዩፒኤስ፣ ኮምፒውተሩን ልታቆይ የተገዛችው ባትሪ፣ አንዴ ጢጥ ትልና አብራ ትሄዳለች። ማመልከቻው ሴቭ አልተደረገም። አመልካቹ ስሙን እንደገና ፊደል በፊደል ያስቆጥራል።

ጎረቤቱ ያለው ጽሕፈት ቤት ዝም አላለም፤ ባለ አራት ፕሮሰሰር እያፈላለገ ነው አሉ። ፕሪንተሩ ቀለም ከጨረሰ ግን ሰነበተ።